«ደህና ነን» ካሉ በኋላ

የአዴ ዘሃራን ሞት የነገረችኝ ልጇ ሐያት ናት። ስልኩን እንዳነሣሁ ጤንነቴን ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ የባለቤቴን፣ ቀጥላ የልጆቼን፣ ከዚያም የጉልበቴን ሕመም። እኔም በተራዬ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት። ሁሉም ደህና ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን» አለችና ቀጥላ፣ «እማዬን ግን ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርናት» አለችኝ።

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ግር ይለው ይሆናል። የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ግን አይገረምም። እዚያ ክፉ ወሬ በሩን በርግዶ አይገባም፤ ሰላምታ ቀድሞት ይገባና እሱ ከኋላ ይከተላል። አዴ ዘሃራ በመጨረሻ የሥራ ዓመታቷ የተጣላችው፣ በእኔ ግምት የተበደለችውም፣ በዚሁ ጉዳይ ነው። ስለ እርሷ በእርጋታ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

አስቀድሜ ግን አንባቢን ላስጠንቅቅ። የማስታውሰውን ሁሉ አላምነውም። የሰዎቹ ንግግር ቃል በቃል እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። ሐያትን ጠይቄ ያረምኩት አለ፤ ሙክታር የሚባለውን የሂርና ከተማ ልጅ፣ የዚያን ጊዜውን የስልክ ቴክኒሻን፣ ጠይቄ ደግሞ ሁለታችንም ሳንስማማ የቀረንበት አለ። የተረፈው እነሆ።

ያወቅኋት አሁን ጭሮ የምትባለው፣ እኔ ግን ከልማድ አሰበ ተፈሪ እያልኩ የምጠራት ከተማ ስልክ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የቴሌኮም መሐንዲስ ነበርኩ፤ እርሷ ደግሞ ከማሠልጠኛ የመጣች ወጣት ኦፕሬተር። ገመዱን ሰክታ ሁለት ሰዎችን ካገናኘች በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አታወርድም ነበር። ደንቡ ይህን ይከለክላል ብዬ ስነግራት፣ ትዝታዬ ካልከዳኝ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ካልሰማሁ መቼ እንደ ጨረሱ በምን አውቃለሁ?»

«መብራቱ ይነግርሻል።»

«መብራቱ ስልኩን ማስቀመጣቸውን ነው የሚነግረኝ። መጨረሳቸውን አይነግረኝም።»

ደንቡን መጣሷ ልክ ነበር አልልም። የከተማውን ምሥጢር ግማሹን ታውቅ ነበር፤ ሁልጊዜም አልደበቀችውም። ቁጡ ነበረች። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኘች ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። የሂርና ሰው ሲደውል «እናንተ መንገድ ዳር ስለምትኖሩ ለአላፊ አግዳሚ ስትጮኹ ነው ያደጋችሁት፤ ቀስ በል፣ ጆሮዬ አንድ ነው» ብላ ትቀልዳለች፤ ሰውየውም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የገጠሩ ሰው በሙሉ «አዴ» እያለ ይጠራት ነበር። በዚያ አገር ለእናትና ለታላቅ ሴት የሚሰጥ ስም ነው፤ ለእርሷ የተሰጣት ግን ገና በልጅነቷ ነው።

ዓመታት አለፉ። እኔ ውጭ አገር እስከ ዶክትሬት ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ወደ ጭሮ ስመለስ፣ አዴ ዘሃራ የገበሬዎች የስልክ መስመር የሚባል ክፍል ኃላፊ ሆና አገኘኋት። ገበሬው በነጻ ይደውላል። ከብት ሲታመምበት፣ ሰብሉን ተባይ ሲበላው፣ ጫት የጫነ መኪና መንገድ ሲዘጋበት ይናገራል። እርሷና ሁለት ሴቶች በኦሮምኛም በአማርኛም ይቀበሉና ጉዳዩን ለሚመለከተው ያስተላልፋሉ። ክፍሏ ሲገቡ በመጀመሪያ የሚሰማው ችግር አልነበረም። «ነገያ? ፈያ? ልጆቹ ደህና? ዝናቡ እንዴት ነው?» የሚልና በ«ረቢ ገለታ»፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የሚመለስ የሰላምታ ጎርፍ ነበር።

«እኛ አገር ችግር ራቁቱን አይወጣም፣ ዶክተር» ትለኝ ነበር። «አልብሰውት ነው የሚልኩት። ልብሱን አውልቀህ ነው የምታየው።»

አሁን ገበያው እንዴት እንደ ዞረ ላስረዳ፤ ያለዚህ ቁጣዬ አይገባም። ድሮ እያንዳንዱ የስልክ አገልግሎት የራሱ መሣሪያ ነበረው፤ ለድምፅ ሌላ፣ ለአጭር መልእክት ሌላ፣ ለሒሳብ ሌላ። ቀጥሎ ሁሉንም በአንድነት የሚያስተናግድ ሶፍትዌር መጣ፤ ነጋዴዎቹ ፕላትፎርም ይሉታል። መጀመሪያ ላይ የስልክ ኩባንያዎች ገዝተው በገዛ ክፍላቸው ያኖሩትና እንደ ፍላጎታቸው ያስተካክሉት ነበር። ዛሬ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ይከራየዋል። ሶፍትዌሩ ተቀምጦ የሚሠራው ሩቅ አገር ነው። መካከለኛ ድርጅቶች ይከራዩታል፤ መልሰውም ለቢሮዎች፣ ለባንኮችና ለእርዳታ ተቋማት ያከራዩታል። ውድድሩም ብዙ ሕዝብን በጥቂት ሠራተኛ ማን ያዳርሳል የሚል ሆኗል። ይህን አካሄድ በራሱ ክፉ ነው አልልም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ሰው የሚደክምበትን ሥራ ለመሣሪያ ስለ ማስረከብ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

የገበሬዎቹ መስመርም ለእንዲህ ያለ ድርጅት ተሰጠ። ለምክር ብለው እኔንም ጋበዙኝ፤ ሽበት ያለበት ስብሰባ ክብደት አለው ብለው ይመስለኛል። አዲሱ ፕላትፎርም ሲገባ ገበሬው ሲደውል የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል፤ «ከምልክቱ በኋላ ጉዳይዎን ይናገሩ» ይለዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቀዳውና «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ቃላቱን ሰምቶ ጥሪውን ይመድበዋል፦ ቅሬታ፣ ጥያቄ፣ ወይም «ደንበኛው ረክቷል»። ወደ አዴ ዘሃራ ክፍል የሚተላለፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ብሩክ ከዋና ከተማው ደውሎ የምሥራች አለን። በእርሱ ካርታ ላይ ምዕራብ ሐረርጌ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሳለች፤ ከበደሳ እስከ ቦኬ የረካ ደንበኛ ብቻ።

«ሐረርጌ እንዲህ ጤነኛ የሆነችው መቼ ነው?» አለችኝ አዴ ዘሃራ። «ዝናቡ ቀርቷል፣ መንገዱ ፈርሷል፣ ገበያው ሞቷል። ስልኩ ብቻ ነው ደህና የሆነው።»

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ማስረጃ ሳናገኝ አንናገር አልኳት። ማስረጃው በገበያ ቀን በእግሩ መጣ።

ኦቦ አሊዪ ይባላሉ፤ የቦኬ ገበሬ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል። ቢሆንም ሥርዓቱን አላፈረሱም።

«አዴ ዘሃራ፣ ደህና ነሽ? ልጅሽ ደህና? ቤቱ ደህና?»

«ደህና ነን፣ ረቢ ገለታ። እርስዎስ ኦቦ አሊዪ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?»

«ደህና ነን፣ ረቢ ገለታ። ከብቱም ደህና ነው» አሉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ብቻ አልቋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወይፈናቸው ታፋው አብጦ ማነከስ ይጀምራል። በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ ክትባት የሚሰጥ ሰው ይምጣልኝ ብለው ይደውላሉ። ድምፁ «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላቸዋል። ይጠብቃሉ። ሌላው ይታመማል፤ ይደውላሉ፤ አሁንም ደርሶናል። «አልደረሰንም ቢሉኝ ኖሮ ወረዳ ከተማ በእግሬ ሄጄ ሐኪሙን አመጣው ነበር» አሉ። «ደርሶናል ያለ ሰው ይመጣል ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት። ሊያርሱልኝ የነበሩት ወይፈኖች አንድም አልቀረኝ። የጎረቤቴም ከብት እያነከሰ ነው።»

አዴ ዘሃራ መጀመሪያ ያደረገችው ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም መደወል ነው፤ ለጎረቤታቸው ከብት ሰው እንዲሄድ አደረገች። ከዚያ ሙክታርን ጠርታ «የእሳቸውን ድምፅ ፈልግ» አለችው።

ሙክታር በኮምፒውተሩ አገኘው፤ ከጎኑ በአረንጓዴ የተጻፈ ነገር ነበር። ከፍ አድርጎ አሰማን። የኦቦ አሊዪ ድምፅ ነው፤ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ይጀምራል። ደህና ናችሁ ወይ ይላል። እኛ ደህና ነን፣ ረቢ ገለታ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ዝናቡ ትንሽ ነው ግን ደህና ነው፣ ከብቱም ደህና ነው፣ ብቻ... ይልና ምልክቱ ይጮኻል። ይቆረጣል። ቀጣዩም እንዲሁ። ሌሎች መልእክቶችን ከፈትን። ከበደሳ፣ ከሂርና፣ ከቦኬ፤ ሁሉም ደህና ነን እያሉ መጥተው ጉዳያቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ በሩ ይዘጋባቸዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሰማውን ቆጥሯል፦ ደህና፣ ደህና፣ ምስጋና ለአምላክ፣ ደህና።

«ያ አረንጓዴው ጽሑፍ ምን ይላል?» ብለው ኦቦ አሊዪ ጠየቁ።

ሙክታር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ መሰለኝ። የነገረቻቸው አዴ ዘሃራ ናት። «ደንበኛው ረክቷል ይላል።»

«ደንበኛው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ አሊዪ።»

ሳቁ። ያን ሳቅ ዛሬም መስማት አልፈልግም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ዘሃራ የክፍሉን የቀጥታ ቁጥር በገበያው መሐል ለሰው ሁሉ በቃል ማስያዝ ጀመረች። ጫት ነጋዴው፣ ሚኒባስ ረዳቱ፣ ወተት ሻጯ ሁሉ ቁጥሩን ለገጠር ዘመዱ ወሰደ። ስልኩ እንደገና ይጮኽ ጀመር። ብሩክ ይህን ሲሰማ ከፕላትፎርሙ ውጭ የሚገባ ጥሪ እንደ ጥሪ አይቆጠርም የሚል መመሪያ አወረደ። ሳይቆጠር ቀረ፤ በሪፖርቱ ላይ ክፍሉ ሥራ የፈታ ሆኖ ታየ። የሚዘጋበትም ምክንያት ይኸው ሆነ።

እዚህ ላይ በእርሷም መናደዴን አልደብቅም። ለዓመታት የተቀበለችውን ጥሪ ኮምፒውተር ላይ መዝግቢ ስትባል «ስጽፍ እንዴት እሰማለሁ?» እያለች አንድም አልመዘገበችም። ብሩክ ድሮ ምን ያህል ችግር ትፈቱ እንደ ነበር አሳዩኝ ሲላት በመስኮቱ ወደ ገበያው እየጠቆመች «ጠይቃቸው!» አለችው። እውነት ነበር፤ ግን ስብሰባ ላይ የሚቀርብ እውነት አልነበረም። እኔና እርሷ ቀን ሙሉ ተኮራርፈናል።

ጉዳዩን የሚቋጨው ስብሰባ በጭሮ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። ገበሬዎችም ተጠርተው ነበር፤ ኦቦ አሊዪ ከኋላ ተቀምጠዋል። ብሩክ ንጹሕ ለብሶ፣ በትሕትና ተናገረ። ዓለም ወደ ራስ አገዝ አገልግሎት እየሄደ ነው አለ፤ ሰው የሚመልሰው ስልክ እያበቃለት ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌ ለሌሎች ዞኖች ሞዴል ሆናለች። አረንጓዴውን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራው።

ተነሣሁ። የመቅጃውን ጊዜ አስረዝሙት፤ ካልሆነም የመጨረሻው ቃል ሳይሰማ ጥሪውን አትመድቡት፤ ይህም ካልሆነ የአዴ ዘሃራን ክፍል አትዝጉት አልኩ። በለመድኩት በተመዘነ ቃል ተናገርኩ። ዛሬ ቢሆን ጠረጴዛ እመታ ነበር።

«ዶክተር፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ» አለ ብሩክ። «ችግሩ ፕላትፎርሙ የኪራይ ነው። የመቅጃው ርዝመት ለሚከራየው አገር ሁሉ አንድ ነው። ለአንድ ዞን ብለን አስተካክሉልን ብንል ውሉ ይለወጣል። በገበያው ላይ ለሰላምታ የሚከፍል ደንበኛ የለም።»

ብሩክ ክፉ ሰው አልነበረም። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይህ ነው። በክፋት የተሠራ ነገር ቢሆን የምንሟገተው ሰው ይኖረን ነበር። እዚህ ግን ማንም ምንም አልወሰነም። ሩቅ አገር ያለ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ሰው ሲደውል በቀጥታ ጉዳዩን ይናገራል ብሎ አስቦ አንድ ቁጥር አስገባ፤ ያ ቁጥር ተከራይቶ፣ እንደገና ተከራይቶ፣ ቦኬ ደርሶ ወይፈን ገደለ። ከዚያ «ሥርዓቱ አይፈቅድም» ተባልን። የማን ሥርዓት? ከእንግዳ ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጡ ወደ ነገር አለመግባት ሥርዓት ካልሆነ ምን ሥርዓት ይባላል?

የስብሰባው መሪ ለአስተያየት ሰጪ አንድ ደቂቃ ብሎ ወሰነ። አዴ ዘሃራ እጇን አወጣች። ማይኩን ተቀብላ ሻሿን አስተካክላ ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ? አቶ ብሩክ፣ እንዴት ነዎት? መንገዱ እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደህና ናቸው? እናትዎ ደህና ናቸው? የአዲስ አበባ ሰው ደህና ነው? ዝናቡ እንዴት ነው እዚያ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ጎረቤቶቻችንም ደህና ናቸው...»

አዳራሹ መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ መሰለው። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ገባቸውና ሳቅ እንደ ውኃ ፈሰሰ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ አንዱን ደህንነት ከሌላው እየቀጠለች ሄደች። መሪው ሰዓቱን አየና ደወሉን መታ።

«ሰዓት አልቋል፣ እናቴ። ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

«ኧረ ተዋት!» ብለው ጮኹ ኦቦ አሊዪ ከኋላ። «ገና ከብቱ ጋ አልደረሰችም!»

ብሩክም አብሮ ሳቀ። ቀልዱ ገብቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዴ ዘሃራ ማይኩን መልሳ ተቀመጠች። በቃለ ጉባኤው ላይ ተሳታፊዎች በአገልግሎቱ ደስተኞች መሆናቸውን ገለጹ ተብሎ ተጻፈ። ክፍሉም እንዲዘጋ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲያ ፕላትፎርሙ ወደ ሌሎች ዞኖች መስፋፋቱን ሰምቻለሁ። ከእኛ አገር የሚገባው ጥሪ መቀነሱንም እንዲሁ። ገበሬው መደወል ተወ፤ እነርሱ ችግር ቀነሰ ብለው አነበቡት። አዴ ዘሃራ ይህን ስነግራት «እንግዲህ ስንሞትማ ጭራሽ እንረካለን» አለችኝ። ከዚህ የመረረ ነገር ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም።

የክፍሉን የመጨረሻ ቀን ጽፌ ላብቃ። በቦታው ነበርኩ ብዬ አምናለሁ፤ ሙክታር ግን ዶክተር አልነበሩም ይላል። ምናልባት ከአዴ ዘሃራ ወይም ከራሱ ከሙክታር ደጋግሜ ስለ ሰማሁት የራሴ አድርጌው ይሆናል።

ሙክታር መሣሪያዎቹን እንዲነቅል ታዝዞ መጥቶ ነበር። የሚበዛውን ነቅሎ የቀጥታው ስልክ ብቻ ሲቀር፣ ስልኩ ጮኸ። እጁን ሊሰድድ ሲል አዴ ዘሃራ «ቆይ» አለችው። ቆመ። ክፍሉ ባዶ ስለ ነበር የደዋዩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ የበደሳ ሽማግሌ ናቸው፣ ቡና ገበሬ። ሰላምታው ተጀመረ። ልጆች፣ ቤት፣ ዝናብ፣ ጎረቤት። ሙክታር ገመዱን ታቅፎ ጠበቀ። እርሷም እያንዳንዱን እየመለሰች፣ ጉዳዩ የሚመጣበትን ቦታ እየጠበቀች ሄደች።

«እሺ አባ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም።»

«ከብቱስ?»

«ደህና ነው።»

«ቡናው ታመመ?»

«ኧረ ቡናውም ደህና ነው። ዘንድሮ አላህ ሰጥቶናል። ሊዘጉሽ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው የደወልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው ጉዳዬ።»

አዴ ዘሃራ መረቀች፣ ተመረቀች፣ ስልኩን አስቀመጠች።

«ሙክታር፣ ያ ኮምፒውተርህ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ አዴ።»

«እንግዲያው ይችን አንዷን ጻፍልኝ። በሥራ ዘመኔ ያላስመዘገብኩትን አሁን ላስመዝግብ። ደንበኛው ረክቷል በል። እስከ መጨረሻው ስለ ሰማሁት ነው የማውቀው።»

ሙክታር ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፈለገ። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ። ሰው አንሥቶ የሰማው ጥሪ የሚጻፍበት ቦታ በገጹ ላይ አልነበረም።